የሆባርት ሙሽራ

በኬንታኪ ተራሮች ሥር ባለችው በዚያች ሸለቆ፣ የዘገየ ሰው «ከሆባርት ሙሽራ ባስክ!» ይባላል። ልጅ አዋቂው ይለዋል። በሠርጓ ቀን ቀረች የተባለችውን ሙሽራ በሸለቆው የሚያውቁት ግን አንድ በአንድ መቃብር ወርደው ኦርፋ ብቻ ቀርታለች፤ ሙሽራዋ እሷው ነበረችና። ሌላ አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏንም ቀብራ፣ በፌዙ ከሰው እኩል እየሳቀች ኖራለች። ምን ታድርግ? አባባል አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል!

ዘንድሮ በግንቦት፣ መቃብር ተጠርጎ አበባ በሚደረግበት እሑድ፣ ሆባርት ከኦሃዮ መጣ። ከሄደ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ከመቃብሩ አጠገብ ከዛፍ ሥር ማዕድ ቀርቦ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ፣ የኦርፋ የእህት ልጅ ዴልፊያ የበቆሎ ዳቦውን ይዛ እያለከለከች ደረሰች።

«አንቺ ልጅ፣ ከሆባርት ሙሽራ ባስሽ እኮ! ይኸው ራሱ ሆባርት ይመስክር!» አላት አንዱ ጎረቤት።

ሰዉ ሳቀ። ሆባርትም ሳቀ። የኦርፋን አንጀት ያሳረረው የእሱ ሳቅ ነው።

«መጥታ ነበር» አለች።

«ማን፣ አክስቴ?»

«ሙሽራዋ! ዝናቡ ከላይ ወርዶ ጅረቱ ሞላ፤ እታች ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ጠብ አላለም። ቀሚሷን ታቅፋ ከማዶ ስትጣራ ዋለች። ውሃው ጎድሎ ብትሻገር፣ በባቡር ሄዷል አሏት።»

ሆባርት ሹካውን አስቀመጠ።

«ኦርፋ... እኔ እኮ የናቅሽኝ መስሎኝ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ ብለሽ ቆርጠሽ ነግረሽኝ!»

«እሱማ ጥፋቴ ነው። እዚህ አገር ‹እግዜር ካለ፣ ጅረቱም ካልሞላ› ሳይል ቃል የሚሰጥ አለ? ደስታ አሳበደኝና ዘለልኩት።»

«ታዲያ ምነው ሰው እንኳ ብትልኪብኝ?»

«ኮራሁ። ለምን እንደቀረሁ ሳይጠይቅ ለሄደ ሰው አልልክም አልኩ።»

«እኔ ደግሞ ይኸን ሁሉ ዘመን ስስቅብሽ ኖርኩ» አለ ሆባርት። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ዳቦው መዘግየት አላነሳም።

ሲመሽ እስከ መኪናው ሸኘችው። ጅረቱ ላይ ድልድይ ከተሠራ ቆይቷል።

«ለከርሞ እመጣለሁ» አላት።

«ሆባርት!»

ገባው፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዜር ካለ፣ ጅረቱም ካልሞላ» አለ። እጇን ግን አልለቀቀም። «ከሞላም ከማዶ ቆሜ እጣራለሁ። አንቺ ብቻ ቀድመሽኝ እንዳትሄጂ።»