የፈንታነሽ ቃል

የትራፊክ ፖሊሱ ሻሺ መጥረጊያውን በጫማው ጫፍ እየገፋ ከአስፋልቱ ላይ አወረደው። ከዚያ ወደ ቆሙት መኪናዎች ዞሮ፣ "እለፉ! እለፉ! ምን ታያላችሁ?" እያለ እጁን ያወናጭፍ ጀመር።

ረዳቱ ፀጋው ከጎኑ ቆሟል። መጥረጊያው የት ወድቆ እንደነበር በዓይኑ አይቷል። በእግረኛ መሻገሪያው ነጭ መስመር ላይ፣ ከአንድ እግር ጫማ ጋር ጎን ለጎን ነበር። ጫማውንም ሻሺ ቀድሞ አንሥቶ ከሬሳው አጠገብ አኑሮታል። ሬሳው ደግሞ ከመሻገሪያው ብዙ ርቆ፣ መኪናው ወርውሮ በጣለው ቦታ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል።

"ፎቶ እኮ አልተነሣም" አለ ፀጋው በዕብራይስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አሁን እናነሣለን። ሰው ሥራ ሊገባ ነው፤ መንገድ ዘግተን ልንውል ነው እንዴ?"

ሻሺ ካሜራውን ከፖሊስ መኪናው አውጥቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። በትራፊክ አደጋ ምርመራ ላይ የሸበተ ሰው ነው። ክፉ ነው የሚለው የለም። በበዓል ለፀጋው እናት ወይን ይልካል፤ ሲስቅ ከሆዱ ነው። ሥራ ግን ቶሎ ሲያልቅለት ይወዳል። የሞተም ሆነ የቆሰለ፣ ነገሩ በአንድ ቀን እንዲቋጭለት ይፈልጋል።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ወደ ኔታንያ ገበያ አትክልት የጫኑ መኪናዎች ውሃውን እየረጩ ያልፋሉ። ገጪው ኤያል ይባላል፤ ከራማት ፖሌግ ተነሥቶ ወደ ቢሮው ሲሄድ ነው። አሁን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሻሺ ውሃ ሰጠው፤ የራሱንም ጃኬት ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት።

"አላየሁትም" ይላል ኤያል ደጋግሞ። "መስታወቱ ዝናብ ነበር፤ አላየሁትም።"

"ድንገት ነው የገባብህ" አለው ሻሺ።

ኤያል ቀና ብሎ አየው። "ምን?"

"ከየት መጣ ሳትለው ዘሎ ገባብህ። አይደል?"

 ኤያል ውሃውን ጎንጨት አደረገና፣ "አዎ" አለ ቀስ ብሎ። "ድንገት ነው።"

ሻሺ ጻፈ።

ፀጋው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ፊቱን አየ። ጎበዜ ነው። ለኢሪያው፣ ማለትም ለከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ መንገድ የሚጠርግ ሰው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን በተጫነበት ዓመት ከሚስቱ ጋር የመጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጸሎት ሲወጣ ፀጋውን ከመንገዱ ማዶ ለይቶ "አንተ የሚሽታራው፣ አንተ ፖሊሱ!" እያለ የሚጠራ። ፀጋው ልብሱን መልሶ አለበሰው።

"ታውቀዋለህ?" አለ ሻሺ።

"የአገሬ ሰው ነው።"

"ሚስት አለችው?"

"አለችው። ፈንታነሽ ትባላለች።"

"አምጣልኝ፤ ቃሏን እንቀበል። መሞቱን ግን እንዳትነግራት።"

ፀጋው የሰማውን ያልሰማ ይመስል አየው።

"ምን ታየኛለህ? ከሰማች በኋላ ማን ያናግረኛል? መሬት ላይ ትወድቃለች፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ትቀመጣለች። ደግሞስ መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው የምትሉት እናንተ አይደላችሁ? ለሽማግሌዎቹ ስልክ ደውል፤ ይሰብሰቡ። እነሱ ይንገሯት። እኛ ወጋችሁን አክብረን ዝም አልን ማለት ነው።"

ፀጋው በልጅነቱ በሱዳን በኩል መጥቶ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት አድጎ፣ ከወታደርነት ወደ ፖሊስ የገባ ወጣት ነው። እስከ ዛሬ ጊዜያዊ ነው። ቅቪኡት የሚሉት ቋሚ ቅጥር በሻሺ ምስክርነት የሚመጣ ነገር ነው። "ቤሴደር" ብሎ እሺታውን ሰጠና ወደ መኪናው ሄደ። በመንገድም ላይ ለሟቹ ሚስት ወንድም፣ ለአባ ቃኘው ደውሎ ነገራቸው።

ፈንታነሽ ባለቤትዎ አደጋ ደርሶባቸዋል ተብላ ከቤቷ ስትወጣ እርጥብ ፀጉሯን በሻሽ እያሰረች ነበር።

"እግሩን ነው?" አለችው ገና መኪናው ውስጥ ሳትገባ።

"ተጎድተዋል እትዬ።"

"ይናገራል?"

"ሐኪም ቤት ወስደዋቸዋል። መጀመሪያ ጣቢያ እንሂድ፤ የሚጠይቁዎት ነገር አለ።"

በጣቢያው ሻሺ ወንበር ሳበላት። ስኳር የበዛበት ሻይ አስመጣላት። ሰው እንዲህ ሲያስተናግዳት አገሩን ከረገጠች ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አንዴ ሻሺን አንዴ ፀጋውን አየች። ከግድግዳው ማዶ ኤያል በስልክ ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር ይሰማል።

"ስለ ባሏ ዓይን ጠይቃት" አለ ሻሺ።

"እትዬ፣ ስለ ዓይናቸው ይጠይቅዎታል። አጥርቶ ያያል?"

ፈንታነሽ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ሁለት ክረምት ሙሉ ጎበዜን ከመንገድ ሥራ አውጡልኝ እያለች ያልደረሰችበት ቢሮ የለም። ሽማግሌ ነው፣ ብርዱ ገደለው፣ በር ጥበቃ ወይም አትክልት ማጠጣት ስጡት ብላለች። የሄደችበት ሁሉ ሕመም የለውም እያለ መልሷታል። ዛሬ ግን የመንግሥት ሰው ሳትለምነው በራሱ አፍ ዓይኑ እንዴት ነው ይላታል። ፊቷ ፈካ።

"ዓይኑማ የት አለ በለው!" አለች። "ጧት ጧት ጨርሶ ይጨልምበታል። አጠገቡ ካልደረሰ ሰው አይለይም።"

ፀጋው ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። "እትዬ፣ በእርግጥ እንዲህ ነው? እኔን እንኳ ከማዶ ለይተው ይጠሩኛል እኮ።"

"ምነው ልጄ! አንተም እንደ እነሱ ልትመረምረኝ ነው?" ድምፏን ዝቅ አድርጋ ወደሱ ጠጋ አለች። "ይኸ ሰው የሚጠይቀኝ ሊረዳን ነው። ታዲያ አንተ የወገን ልጅ ሆነህ ታጎድልብኛለህ? በዚህ ዝናብ ያ ሽማግሌ ቆሻሻ ሲገፋ አያሳዝንህም? እንዳልኩህ ንገርልኝ። ዛሬ እግዜር ጆሮ ያለው ሰው አመጣልኝ።"

"ምን አለች?" አለ ሻሺ ብዕሩን እንዳነሣ።

ፀጋው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ባሏን ከመንገድ ሥራ ልታስወጣ ብላ ነው፣ የማታውቀውን ነው የምትናገረው፣ መሞቱን እንኳ አልሰማችም ማለት ይችል ነበር። ሻሺ ግን ይህን ሁሉ ያውቃል። ከሴትዮዋ አፍ የሚፈልገውም ይኸንኑ ነው። ዓይኖቹ ፀጋው ላይ ናቸው።

"ዓይኑ አያይም ትላለች" አለ ፀጋው።

"ጆሮውስ?"

"ጆሮውም!" አለች ፈንታነሽ ሲተረጎምላት። "ሦስቴ ካልጠራሁት አይሰማም።"

"መኪና ለምዷል?"

"ከየት ለምዶ? እኛ አገር መኪና ነበር? መኪና ሲያይ እንደ በቅሎ ይደነብራል፤ ሳያይ ነው የሚሮጠው። አንድ ቀን አደጋ ይደርስበታል እያልኩ ስጮህ ነው የኖርኩት። ጻፈው ይኸን።"

ፀጋው አንድ በአንድ ተረጎመ። ሻሺ አንድ በአንድ ጻፈ። ሲጨርስ ፀጋው በአማርኛ አነበበላት። እሷም ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችና ቅር ብሏት፣ "ስለ ወገቡ አልጻፋችሁም" አለች። ሻሺ ሳቀ። ወገቡንም ጨመሩላት። ከዚያ ቀለሙ ላይ ጣቷን አስነክተው አስፈረሟት።

"ድንቅ ሴት ናት" አለ ሻሺ ወረቀቱን እያራገበ። "ምነው ሁሉም እንደሷ በሆኑ። በል አድርሳት።"

በኮሪደሩ ፈንታነሽ የፀጋውን ክንድ ያዘች። "እንግዲህ ያወጡታል? ከመንገዱ?"

"አዎ" አላት ፊት ለፊቱን እያየ። "ከእንግዲህ መንገድ አይጠርጉም።"

"ወልደህ ለመሳም ያብቃህ!" ብላ እጁን ሳመችው።

ሐኪም ቤት ውሰደኝ አለችው። መጀመሪያ ከቤት ንጹሕ ልብስ ያምጡላቸው አላት። እሷም እውነትህን ነው፣ በእርጥብ ልብስ ነው የተኛው ብላ ተስማማች። በመንገድ ሁሉ አፏ አልተዘጋም። እግሩ እስኪጠና እሷ እንደምትሠራ፣ እሱ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እንደሚውል፣ ለዘመድም ለወዳጅም እንግዲህ ባሌ አረፈ ብላ እንደምትናገር ነገረችው። ፀጋው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ነዳ።

ከሕንፃው ሥር ሲደርሱ ወንዶች ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አጣፍተው ወንበር ያወርዳሉ። ሁለት ሰዎች በግንቡና በኤሌክትሪኩ ምሰሶ መካከል ሸራ ይወጥራሉ።

"ወይኔ፣ ማን ሞቶ ነው?" አለች ፈንታነሽ። "ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አሮጌ ሰው ይሆኑ? ምን ነክቶን ነው ሳንሰማ?" ነጠላዋን ለሰው ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አዘቅዝቃ ወረደች።

ከወንዶቹ መካከል ጎረቤቷ ብርሃነሽ ደረቷን እየደቃች ብቅ አለች። "ጎበዜን! እትዬ፣ ጎበዜን እኮ!" ስትላት ፈንታነሽ መጀመሪያ አልገባትም። "ጎበዜማ ሐኪም ቤት ነው" አለቻት፣ ሊያጽናናት እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየች። ማንም ዓይኑን አልሰጣትም። ዞራም ፀጋውን አየችው።

"ታውቅ ነበር?"

ፀጋው ወደ መኪናው በር ፈቀቅ አለ።

"ዓይኑ የለም ስልህ፣ ይደነብራል ስልህ፣ ታውቅ ነበር? ሻይ ስታጠጡኝ ሞቶ ነበር?" ድምፏ ተሰበረ። "በገዛ አፌ! በገዛ አፌ ጎበዜ!"

እዚያው በቁሟ ወደቀች። ሴቶቹ ከበቧት። ጩኸቱ ከፎቅ ወደ ፎቅ ወጣ፤ በየመስኮቱ ሰው ተንጠለጠለ።

ፀጋው ወደ መኪናው ተመልሶ በሩን ዘጋ። ቁልፉን ሳያዞር አባ ቃኘው ደረሱበት። በትራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው በተከፈተው መስኮት ጎንበስ አሉ፤ ጣቶቻቸውም የመስታወቱን ጫፍ ያዙ።

"ምነው ልጄ፣ አትወርድም?"

"ሥራ ላይ ነኝ አባ።"

"እሺ፣ ሥራህን አልከለክልህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከቦታው ነበርህ አሉኝ። ከነጩ መስመር ላይ ነው የመታው ወይስ አይዶለም?"

"ከመስመሩ ውጭ ነው ይላሉ።"

"ይላሉን አልጠየቅሁህም" አሉ አባ ቃኘው፣ ያለ ቁጣ። "ነገ ከነገ ወዲያ ጠበቃ እናቆማለን። ከኛ ወገን አንድ ሰው በዓይኑ ካየ ይበቃናል። አንተ ምን አየህ?"

ሬድዮኑ ተንጫጫ። የሻሺ ድምፅ በዕብራይስጥ ገባ። "ፀጋው፣ ተነገራት?"

"ተነግሯታል።"

"ምንድን ነው ጩኸቱ? ስማ፣ ፋይሉን ልዘጋው ነው። ነገር የሚያነሣ ዘመድ አለ ወይ?"

አባ ቃኘው ዕብራይስጥ አያውቁም። ልጁ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቁ። ዓይናቸው ከፊቱ አልተነቀለም።

ፀጋው የመስኮቱን እጀታ ማዞር ጀመረ። መስታወቱ ቀስ እያለ ወጣ። ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ጠርዙ ሲነካቸው ግን ጣቶቻቸውን ሰበሰቡ። ለቅሶው ከውጭ ቀረ።

"የለም" አለ ፀጋው። "ዝጋው።"