ጃሌቢ ለኬሃር ሲንግ

«እሳት! ኧረ እሳት!» ብሎ ጮኸ ጃግታር፣ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ።

እሳት እንኳ አልነበረም፣ ጭስ ነው። ከአሮጌዋ አምባሳደር መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ቀጭን ጭስ ወጥቶ፣ ነጭ ለብሰው ምንጣፍ ላይ ወደተቀመጡት ለቀስተኞች አመራ። የኬሃር ሲንግ አስከሬን በእሳት ከተሸኘ ስድስተኛው ቀን ነው፤ ጭስ የጠገበ ቤት ላይ ሌላ ጭስ ተጨመረ። ቢላ የሚባለው፣ ከሉዲያና ከተማ የመጣው የመኪና ቴፕ ገጣሚ፣ ጭሱ እያሳለው ከመኪናዋ ኋላ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ አምፕሊፋየሩ ተቃጠለ። ሃያ ዓመት ስገጥም እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም። በእናቴ፣ ልክ አድርጌ ነው የገጠምኩት!»

ባልቢንደር ለእንግዳ ልታቀርብ የያዘችውን ሻይ እንደያዘች ቀረች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአባቷ ጋር ነው የኖረችው። የኬሃር ሲንግ ልጅ እሷ ብቻ ናት።

«አየሽ ቢንዶ?» አለቻት በቁልምጫ ስሟ አክስቷ ዳን ኮር። የሟች እህት ናት፤ በሰማንያ ስድስት ዓመቷ ጆሮዋ ደክሟል፣ ምላሷ ግን ገና ጎረምሳ ነው። «ራሱ ወንድሜ ነው የከለከለሽ። ሰው ሞቶ ዘፈን ታስገጥሚያለሽ!»

«ቡአ ጂ» አለች ባልቢንደር የአባቷን እህት፣ «አባቴ፣ ባፑ፣ ዘጠና አንድ ዓመት ኖሯል። የልጅ ልጁን ልጅ አቅፏል። እንዲህ ያለ ሰው በከበሮ አይደል የሚሸኘው? የደስታ ጣፋጭ፣ ጃሌቢ አይደል በዘይት የሚጠበስለት? እርስዎስ ለባልዎ አላደረጉም?»

«ባሌ አራት ወንድ ልጅ ነበረው።» ዳን ኮር ሻይዋን ፉት አለች። «በሴት ልጅ የመጣ ልጅ የሌላ ቤት ቁጥር ነው። ወንድ ያልወለደ ሰው መቶ ዓመት ቢኖርም እንደተቀጨ ይቆጠራል። በአሥረኛው ቀን ምስር ብቻ ይበላል፣ የወንድሙ ልጅ ጃግታር የወራሽነት ጥምጣሙን ያስራል፣ በቃ። መኪናዋንም ቆራሌው ይውሰዳት።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው መንሾካሾክ ጀመሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የባልቢንደር ጆሮ ግን በድምፅ መሣሪያ መካከል ያደገ ስለሆነ አንዲት ቃል አላመለጠችውም። «ምስኪን፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» አለች አንዷ። ወደ አክስቷ ዞረች።

«ቡአ ጂ፣ ከዘፈነችስ?»

«ማን?»

«መኪናዋ። እስከ አሥረኛው ቀን።»

አሮጊቷ የጨሰችውን መኪና አይታ ሳቀች። «እሷ ከዘፈነች የጃሌቢውን ዘይት የማስጥደው እኔ ነኝ።»

ይህ በሠላሳ ለቀስተኛ ፊት የተባለ ነው። በዚያ መንደር ደግሞ አሮጊት በሰው ፊት ያለችውን መልሳ አትውጥም።

ኬሃር ሲንግ በዚህች መኪና አርባ ዓመት ድምፅ ማጉያ አከራይቷል። የድምፅ ማጉያ ጡሩምባዎቹን ጣሪያዋ ላይ አስሮ ሠርግ ሲሄድ፣ ስምንት ዓመት የሞላት ቢንዶ ከኋላ በሽቦ ጥቅል ላይ ትቀመጣለች። ሰው «ሴት ልጅ ሽቦ ታስይዛለህ?» ሲለው፣ «እጇ ከእጄ ይቀላል» ይል ነበር። አርጅቶም አላረፈም። ባለፈው ክረምት የኋላ መደርደሪያዋን በመጋዝ ቆርጦ አራት ስፒከር ቀበረበት፤ ከጠንካራ እንጨት ሣጥን ሠርቶ ትልቁን ስፒከር ከታች አስቀመጠ። «ከውጭ ለሰው ስትጮህ ኖረች፤ አሁን ደግሞ ከውስጧ ትዝፈን» አለ። ሽቦውን ሳይዘረጋ ታመመ።

የሰፈሩ ሰው የማያነሳው ሌላም ነገር አለ፤ ባልቢንደር ከእናቷ ነው የሰማችው። እሷ በተወለደች ጠዋት ኬሃር ጡሩምባውን የቤቱ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ዘፈን ለቀቀ። በዘፈን የሚታወጀው ወንድ ሲወለድ ነውና መንደርተኛው ስኳር ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ፊት ፊት የሮጠችው ዳን ኮር ነበረች። ሴት መሆኗ ሲነገር ግማሹ የያዘውን ስኳር ይዞ ተመለሰ። «ዝጋው፣ አታዋርደን!» አለችው እህቱ። ኬሃር እስኪመሽ አልዘጋም።

እና አሁን ለዚያ ሰው ዝምታ ሊደገስለት? ባልቢንደር አልቅሳ አልቅሳ፣ በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ለቀስተኛ ሳይመጣ የሞተሩን ክዳን ከፈተች። ባትሪውን ለመንካት እጇን ስትዘረጋ የቆመችበት ደርቃ ቀረች። ድሮ እዚሁ ቦታ አባቷ እጇን ቸብ አድርጓት ነበር፤ «ተይ! በዚች መኪና ቦዲው ላይ የሚታሰረው እንደ ሌላው ኔጋቲቩ ሳይሆን ፖዘቲቩ ነው። የድሮ ሰው ሥራ ናት» ብሎ።

ወደ ቢላ ደወለች። «ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሻይ ሳቀርብ ሳልነግርህ ቀረሁ። ቦዲው ፖዘቲቭ ነው።»

«ምን?» ከዚያ ወዲያ የተሰማው ግንባሩን ሲመታ ነው። «እትዬ፣ የአያቴን ዘመን መኪና እንደ አዲስ መኪና ገጠምኳታ! ለአንድ ሠርግ ያስቀመጥኩት አምፕሊፋየር አለኝ፣ መጣሁ።»

ሲደርስ ባትሪውን ኔጋቲቩ ቦዲው ላይ እንዲሆን አዙራ፣ የማቀጣጠያ ኮይሉን ሽቦዎች አቀያይራ ጠበቀችው። ነጭ ነጠላዋ በግራሶ ተለውሷል።

«ዲናሞውስ? እሱ እኮ የድሮውን ነው የለመደው» አለ ቢላ።

«አዲሱን እናስለምደዋለን።» አጭር ሽቦ ከባትሪው አምጥታ ዲናሞውን አንዴ ብቻ ነካችው። ብልጭ አለ። ቢላ ከዚያ በኋላ ከእሷ ሳይጠይቅ አንድ ሽቦ አላሰረም።

በአሥረኛው ቀን የቅዱስ መጽሐፉ ንባብ አበቃ፤ ጃግታርም ጥምጣሙን አሰረ። ምስሩ ሊቀርብ ሲል ባልቢንደር ከሴቶቹ መካከል ተነስታ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ጃግታር «እህቴ፣ በሰው ፊት እንዳትዋረጂ» አላት ቀስ ብሎ። ቁልፉን አዞረች።

መጀመሪያ ከበሮው መጣ። ከትልቁ ስፒከር ወጥቶ መሬት ለመሬት ሄደና ምንጣፉ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ከታች አናወጠው። የብረት ሳህኖቹ ተንጫጩ፣ ቁራዎቹ ከዛፉ ተነሱ። ያ ሁሉ ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ስንጥቅ የለው፣ ጭስ የለው! አንድ ሽማግሌ ሳያስበው ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ ሌላው። ጃግታር አዲሱን ጥምጣሙን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋና ገባበት፤ ግቢው በጭፈራ ቀለጠ። ቢላ እንደ ሙሽራ አባት ጢሙን ይጠመዝዛል።

ከምንጣፉ ርቃ የተቀመጠችው ዳን ኮር ግን በደከመ ጆሮዋ ዘፈኑን አልሰማችም። ሰው ሲጨፍር እያየች በምርኩዟ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች። ብረቱ ከእጇ ሥር ይመታል። እዚያው ብዙ ቆመች።

ስትዞር ድምፅዋ ከከበሮው በላይ ነበር። «ዘይት ጣዱ! ምን ታዩኛላችሁ? ትልቅ ሰው ነው የሞተብን!»

የመጀመሪያው ጃሌቢ ትኩስ ከሽሮፑ ሲወጣ ለማንም አላስነካችም። በነጠላዋ ጫፍ ይዛ እፍ እፍ እያለች ወደ መኪናዋ አመጣችው፤ በመስኮቱ አስገብታ ባልቢንደርን አጎረሰቻት።

ባልቢንደር ማኘክ አቃታት። ሽሮፑና እንባዋ አብረው በአገጯ ወረዱ፤ አክስቷም በዚያው በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።