የድልድዩ ጭራቅ

ጀቤሳ ልጁን ዳሲቱን በትከሻው ተሸክሞ ሐዲዱን ሲሻገር ሰፈሩ በሙሉ ከኋላው እየጮኸ ይከተለው ነበር። "ያዘው! ጭራቁን ያዘው!" ይባላል። ቆርቆሮ ይደበደባል፣ ፉጨት ይቀልጣል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። እሱም እንደ ደንቡ እያጓራ፣ ራሱ ላይ የታሰሩትን የበሬ ቀንዶች ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ወደ ወንዙ ቁልቁል ይሮጣል። ዳሲቱ መጀመሪያ ላይ እየሳቀች ጀርባውን በጡጫ ትደበድበው ነበር። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

ደክሟት መሰለው። ጥቂት እንደሮጠ ግን ጆሮው ሥር አንድ ድምፅ ሰማ፤ ቀጭን፣ ፉጨት የመሰለ፣ የሚቆራረጥ።

"ዳሲ?" አለ በሹክሹክታ። አልመለሰችም።

ከትከሻው አውርዶ የተጠቀለለችበትን የጥጥ ጆንያ ገለጥ አደረገ። ልጅቷ አፏን ከፍታ አየር ለመሳብ ትታገላለች። ትንፋሽ በሳበች ቁጥር የአንገቷ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሯ ጠቁሯል።

አስም እንዳለባት ያውቃል። ባለፈው ክረምት እንዲሁ አፍኗት የባቡር ክሊኒኩ ድሬሰር ጋሽ በዛብህ ናቸው በመርፌ ያተረፏት። "አቧራና ጭስ አታስጠጓት" ብለው ነበር። ዛሬ ጧትም ሚስቱ መሰለች "ሌላ ልጅ ይሰረቅ፣ እሷን ተዋት" ብላ ለምናው ነበር። ዳሲቱ ግን ከሳምንት በፊት ጀምራ "ዘንድሮ ጭራቁ የሚሰርቀው እኔን ነው" እያለች ለጓደኞቿ ስታወራ ከርማለች። ጀቤሳ ልጁን እምቢ ማለት አይችልበትም። በጥጥ ብናኝ የነጣ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ጥቀርሻ በተቀባ ትከሻው ላይ ጭኖ ሲሮጥ የድሬሰሩ ቃል ትዝ አላለውም።

በባቡር ጣቢያው ሰፈር የገና ከሰዓት እንዲህ ነው የሚያልፈው። ከቅዳሴ መልስ ተበልቶና ተጠጥቶ፣ የገናው ጨዋታ ካበቃ በኋላ፣ የተመረጠ አንድ ጎልማሳ ጭራቅ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ እንደሚያወሩት የብረት ድልድዩ ሲሠራ ከሥሩ ይኖር የነበረ ጭራቅ ማደሪያውን በመነጠቁ ተቆጥቶ በገና ቀን ልጅ ሰረቀ፤ ሰፈርተኛውም የገና ዱላውን እንደያዘ አሳዶ አስጣለው። ስለዚህ በየዓመቱ ጭራቁ ልጅ ይሰርቃል፣ ሰዉ እያሳደደ ወንዙ ዳር ያደርሰዋል፣ እዚያ ልጁን በዳቦ ይዋጃሉ፣ ጭራቁም ወንዙን ተሻግሮ ይጠፋል። እስኪሻገር ድረስ አንዲት ቃል አይናገርም። ልብሱ እስከ ጣቶቹ ድረስ የጥጥ ጆንያ ነው፤ የጆንያ ጭምብሉ ደግሞ ልጆች እንዳይገልጡት አንገቱ ላይ በወስፌና በሲባጎ ይሰፋል። ከአቃቂ ገበሬዎች መንደር መጥቶ በሐዲድ ጠጋኝነት የተቀጠረው ጀቤሳ ዘንድሮ ተራው ሲደርሰው ሰፈሩ አሁን ገና የራሱ እንዳደረገው ቆጥሮ ደስ ብሎት ነበር።

መሰለች ዳሲቱ የምትዋጅበትን ዳቦ ይዛ ወንዙ ዳር ትጠብቃለች። ጋሽ በዛብህ ግን ከሚያሳድደው ሕዝብ መሐል ናቸው። ጀቤሳ ልጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ፊቱን አዞረና ወደ አሳዳጆቹ ሮጠ።

"ተመለሰ! ኧረ ጭራቁ ተመለሰ!" ልጆቹ በደስታ እየጮኹ ተበታተኑ።

"ጋሽ በዛብህ! የት ናቸው? ልጄን አፈናት!"

ከጆንያው ውስጥ የወጣው ድምፅ የታፈነና የጎረነነ ነበር። የጣቢያው ዘበኛ ልጅ ኩምሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አማርኛ ጀመረ! ጭራቁ አማርኛ ጀመረ!"

"የእውነቴን ነው! ትንፋሽ አጥሯታል! በማርያም!"

"ጭራቅ በማርያም ሲል ዛሬ ሰማሁ!" አለች ጠላ ሻጯ ጠጄ። ሳቁ እንደ ማዕበል ተነሣ።

"ማሎ!" አለ ጀቤሳ። ሲጨንቀው እባካችሁ የሚለው በእናቱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ነው። "ማሎ! ማሎ!"

በአንድ እጁ ዳሲቱን ይዞ በሌላው ጭምብሉን ሊቀድ ታገለ። ሲባጎው አልበጠስ አለ፤ ጣቶቹም በጆንያ ተሸፍነዋልና ክሩን መጨበጥ አልቻሉም። አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል ሰዎቹ እየሳቁ አንድ እርምጃ ያፈገፍጋሉ። ኩምሳ ከጎን ዘሎ የገና ዱላውን ግንባሩ ላይ አሳረፈበት።

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!"

ትኩስ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። በደሙ ውስጥ አሻግሮ ጋሽ በዛብህን አያቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመው ፈገግ ብለዋል። "ጎበዝ! ዘንድሮስ የሚችል ሰው አገኘን!" ሲሉ ሰማቸው። ዳሲቱ ክንዱ ላይ እየከበደች መጣች። ፉጨቱ ቀንሷል፤ መቀነሱ ከፉጨቱ የባሰ ነበር።

ያን ጊዜ ገባው። እሱ እስከያዛት ድረስ ዳሲቱ የጭራቅ ምርኮ ናት፤ ቢጮህም፣ ቢምልም፣ ቢሞትም ጨዋታ ነው።

ሐዲዱ ዳር ተንበረከከ። ጆንያውን ከላይዋ ገፎ ወረወረና ልጁን ጠጠሩ ላይ አስቀመጣት። እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው። "እሺ ዳሲዬ፣ እሺ" እያለ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። በሕይወቱ እንደዚያ የከበደ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ከዚያ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ሄደ፤ ባዶ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ በጉልበቱ ቆመ።

ጭራቅ ዳቦ ሳይቀበል ልጅ አስቀምጦ አያውቅም። ሳቁ ተቆራረጠ። ቆርቆሮው ዝም አለ። በዝምታው መሐል ያ ቀጭን ፉጨት ተሰማ።

"ኧረ ልጅቷ!" አለች ጠጄ።

ጋሽ በዛብህ ጋቢያቸውን ጥለው ሮጡ።

ክሊኒኩ ከጣቢያው ጀርባ ነው። ድሬሰሩ ዳሲቱን ታቅፈው ሲገቡ ጀቤሳ ተከተላቸው፤ በሩ ላይ በክርናቸው ገፉት። "አንተ አትግባ! የለበስከው ጥጥና ጥቀርሻ ነው፣ ትጨርሳታለህ!" በሩ ተዘጋ። መሰለች ዳቦዋን እንደያዘች ከወንዙ እየሮጠች መጣች። ባሏን ከነቀንዱ፣ ከነደሙ አየችው። ዳቦውን መሬት ላይ ጥላ ገባች። ብትሰድበው በወደደ ነበር።

ጋሽ በዛብህ ሲወጡ ፊታቸው በላብ ርሷል። "መርፌው ትንሽ ከፈተላት፤ ግን አይበቃም። ኦክስጅን ያስፈልጋታል፣ እኔ ጋ ደግሞ የለም። ከተማ፣ ሆስፒታል መድረስ አለባት።"

"በምን?" አለ ጀቤሳ።

የጣቢያው ሹም አቶ ወልደሚካኤል ቀይ ባንዲራቸውን ይዘው ከቢሮ እየወጡ ነበር። "ሊቶሪናው ባቡር ከናዝሬት እየመጣ ነው። ዛሬ እዚህ መቆሚያ የለውም፤ እኔ ግን አስቆመዋለሁ። የፈለጉትን ይበሉኝ።"

ሊቶሪናው እየተንጫጫ ቆመ። ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አወጡ፤ ባለቀንዱን ሰው ያዩ አማተቡ። ጋሽ በዛብህ ልጅቷን ይዘው ወጡ፣ መሰለች ተከተለች። ጀቤሳ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አሳረፈ።

"ጀቤሳ" አሉት ድሬሰሩ ቀስ ብለው። "ከነዚህ ልብሶችህ ጋር ልዘጋባት አልችልም።"

"አወልቀዋለሁ! አሁኑኑ!"

"ክሩን እስክንፈታልህ ልጅቷ አትጠብቅም።"

ዳሲቱ በእናቷ ጭን ላይ ዓይኗን ከድናለች፤ ደረቷ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጀቤሳ እግሩን ከመወጣጫው አወረደ። ሊቶሪናው ወደ ከተማ ተንቀሳቀሰና በቃሊቲ በኩል እየራቀ ሄደ።

ማንም ወደ ቤቱ አልገባም። ሰፈሩ ዱላውን ወደ መሬት አዘቅዝቆ ቆሟል። ከሁሉም በዕድሜ የገፉት እማማ አለሚቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

"ልጄ፣ ጭራቁ አልተሻገረም" አሉ።

"እማማ፣ አሁንማ ይተዉት እንጂ" አለች ጠጄ።

"የማውቀውን ነው የምናገረው። ሳይሻገር የመሸበት አንድ ገና ነበር። በዚያ ዓመት ልጅ ቀብረናል።"

ጀቤሳ ይህን ወሬ ከዚህ በፊትም ሰምቶ ያውቃል። ለሚስቱ "የአሮጊቶች ተረት" እያለ ይስቅበት ነበር። አሁንም አላመነበትም። ግን ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ በሩም በሌላ ሰው እጅ ነው፤ እሱ እዚህ ባዶ እጁን ቆሟል።

ኩምሳ እንባው እየወረደ በኪሱ የያዘውን ሰንጢ ከፍቶ ቀረበው። "ጋሽ ጀቤሳ፣ ይቅር ይበሉኝ። አላወቅሁም። ክሩን ልቁረጥልዎት?"

ጀቤሳ ሰንጢውን አየው። ጭምብሉን አውልቆ አየር የመሳብ ፍላጎቱ ደረቱን ሊቀደው ደርሷል።

"እጠፈው" አለ።

"ምን አሉ?"

"ሰንጢውን እጠፍና ዱላህን አንሣ።"

"ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ አልመታዎትም!"

"አንሣ አልኩህ። ሁላችሁም አንሡ። ቆርቆሮውንም ምቱት። እንደ ቅድሙ ሳይሆን የእውነት አሳዱኝ፤ ወንዙን እሻገራለሁ።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጀቤሳ ጀርባውን ሰጣቸው። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ፣ ትከሻውን አጥብቦ የመጀመሪያውን ምት ጠበቀ።