ማሾ ያበቀለች መኪና

አሪፋ መዳፏን የመኪናዋ አየር ማውጫ ፊት ደቅና ትንፋሿን ዋጠች። የሚመጣው ነፋስ ነፋስ ከተባለ ነው፤ የሻሿን ጫፍ እንኳ አላነቃነቀም።

"እስቲ ጨምረው" አለችው ባሏን።

"መጨረሻው ላይ ነው" አለ ሰዲቅ ማዞሪያውን እያሳያት። "ከዚህ ወዲያ የሚዞርበት ቦታ የለውም።"

ቤት፣ ድሮ የለስላሳ መጠጥ ይሸጥበት በነበረው ባለ መስታወት ፍሪጅ ውስጥ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የሠርግ ኬክ ተቀምጧል። መብራት ደግሞ ከንጋት ጀምሮ የለም። ፍሪጁን ማንም እንዳይከፍት አስጠንቅቃ፣ በሩ ላይ ወንበር አስደግፋ ነው የወጣችው። ኬኩ እስከ ቀትር ቀወት ገጠር ውስጥ የእትዬ ሂዳያ ድንኳን መድረስ አለበት። ከአስፋልቱ ከተገነጠሉ በኋላ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው፤ መስኮት ከተከፈተ ነጩ ክሬም ቡናማ ሆኖ ይደርሳል፣ ከተዘጋ ደግሞ ይቀልጣል። ያለ ኤሲ የሚሆን ነገር አይደለም።

በሸዋ ሮቢት ሙቀት ክሬም ኬክ እሠራለሁ ብላ ስትነሳ ያልሳቀባት ሰው የለም። ክሬሙን በስኒ ትሸጪዋለሽ ብለው ቀልደውባታል፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ "ኬኩ ረጋ?" እያሉ ነበር የሚያልፏት። እስከ ዛሬ የሠራችው ለልደት የሚሆን ትንንሽ ነገር ነው። የእትዬ ሂዳያ ልጅ ሠርግ የመጀመሪያው ትልቁ ነው፤ ግማሽ ቀወት ይገኝበታል። ካማረላት አማረላት፤ ከቀለጠ ግን ከዚህ ወዲያ ማንም ኬክ አያዛትም፣ ይህን ራሷም ታውቀዋለች።

ይህችን አሮጌ መኪና ባልና ሚስት ተጋግዘው ሲገዙም አሪፋ ያስቀመጠችው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ አውድማ አትገባም። ቀወት ውስጥ ማሾ የሚባለው የቆላ ጥራጥሬ ሲደርስ መኪና ያለው ሰው ዘመድ ይበዛለታል። አውድማ ላይ የተነጠፈውን ማሾ በጎማ እየዞሩ መውቃት ከበሬ ይፈጥናላ። ሰው ሁሉ ያደርገዋል። "የኔ መኪና ግን የኬክ መኪና ናት" ብላ ነበር፤ ሰዲቅም ወላሂ ብሎ እሺ ብሏል።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ጋሼ አለባቸው ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ኮፈኑን ከፍተው አንገታቸውን አስገብተዋል። ቤታቸው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሙቀቱን እየረገሙ ሮቢት ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ካልተጨቃጨቁ ሥራ የማይጥማቸው ሰው ናቸው። ወዲያው ጋዙ አልቋል ብለው ፈረዱ። የሳሙና ውሃ በጠርሙስ በጥብጠው ቧንቧዎቹ የሚጋጠሙበት ሁሉ ላይ ቀቡ። የሚያፈስ ካለ አረፋ ይነፋል አሉ። ሦስቱም እዚያ ቧንቧ ላይ አፍጥጠው ቆሙ። አሪፋ እንኳን አረፋ፣ ሌላም ነገር ለማየት ዝግጁ ነበረች። አረፋው ግን እንደተቀባ ቀረ፤ አልነፋም።

ጋሼ ቧንቧውን በእጃቸው ጨበጡና ፊታቸው ተለወጠ።

"ንኪው እስቲ ልጄ።"

ነካችው። ቀዝቃዛ ነው፤ አልቦታል እንኳ።

"ጋዝ የለም ያለው ማነው?" አሉ፤ እሳቸው ራሳቸው እንዳላሉ ሁሉ። "ቅዝቃዜው እዚህ ድረስ መጥቷል። ማራገቢያውም ይኸው ይጮኻል። ወደ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ነው የጠፋው።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ሥር አዩ፤ መሬቱን በእጃቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነው። ኤሲ ሲሠራ እኮ ውሃ ያንጠባጥባል፣ የሱ ምልክት ይህ ነው፣ ታዲያ የዚህች ውሃ የት ገባ ብለው ተነሡ።

አሪፋ ያን ጊዜ ነው እግሯ ትዝ ያላት።

"ጋሼ፣ እኔ የምቀመጥበት በኩል ምንጣፉ ረጥቦ ነው የሰነበተው። ጫማዬን ሁሉ አበሰበሰው። ጄሪካን ደፍቼ መስሎኝ..."

"ጄሪካን!" ብለው የጋቢናውን በር ከፈቱ። ምንጣፉን ሲጫኑት ውሃ አፈለቀ። ጠርዙን በካቻቢቴ ፈልቅቀው ወደ ላይ ገለጡት፤ ገለጡትና እንደዚያው ይዘውት ቀሩ።

"ኑ እዩ። ይህች መኪና አብቅላለች።"

እውነታቸውን ነው። በእርጥቡ ምንጣፍ ሥር፣ በጨለማው፣ ማሾ በቅሏል። አንድ ሁለት አይደለም፤ አረንጓዴ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ነጭ እግሩን ያወጣ፣ ቀና ልበል ብሎ ምንጣፉ ያጎበጠው፣ የእፍኝ ያህል ማሾ። አሪፋ በመጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ ሰዲቅን አየችው። ሰዲቅ ጫማውን ያያል።

አንዷን ማሾ ነቅላ ፊቱ ያዘችለት። ብዙም አላስቆማት፣ ዘረገፈው። እሷ የኬክ ዕቃ ልትገዛ ደብረ ብርሃን የወጣች ዕለት እናቱ እትዬ ኑርሃን ደውለው ነበር። ማሾው ታጭዶ ተከምሯል፣ ያለ ወቅቱ ደመና እያንዣበበ ነው፣ ዝናብ ከነካው ይጠቁራል፤ በሬ ያለው ጎረቤት ሁሉ የራሱን ይወቃል። እምቢ ማለት አቃተው። ሄዶ ግማሹን ወቃላቸው፣ በማዳበሪያ ሞልቶ በጋቢና ጭኖ አስገባላቸው። እሷ ከመመለሷ በፊት ልድረስ ብሎ ግማሹን ክምር እንዳለ ትቶት መጣ።

"ስትወቃ ኤሲው ክፍት ነበር?" አሉ ጋሼ።

"አቧራው መስኮት አያስከፍትም፤ ሙቀቱ አያስዘጋም። ከፍቼው ነበር የምዞረው።"

"ከውጭ እየሳበች?"

ሰዲቅ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ እጃቸውን አጨበጨቡ። የአውድማውን ገለባ ጠጥታዋለች በቃ፣ ማራገቢያውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ውሃ ማውጫ ቱቦውም ገለባ ጎርሰዋል፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ተመለሰና ማሾውን አጠጣው ብለው እንደ ታላቅ ዜና አወሩት። የደስታቸው ብዛት አሪፋን አናደዳት።

የእሷ ንዴት ግን የገለባው አልነበረም።

"ምንጣፉ ሲረጥብ ምን አልከኝ?" አለች ቀስ ብላ። "የጄሪካኑን ክዳን ሳታጠብቂ ቀርተሽ ነው አልከኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁህ። ሰዲቅ፣ እኔ እኮ ይቅርታ ጠይቄሃለሁ።"

"ውሃው ከየት እንደመጣ ወላሂ አላወቅሁም ነበር።"

"ማሾው ከየት እንደመጣ ግን ታውቃለህ።"

የአሪፋ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። እትዬ ሂዳያ ናቸው። ሙሽሪት ሂና ተቀብታ ተቀምጣለች፣ እንግዳው እየገባ ነው፣ ኬኩ የት ደረሰ ይላሉ። አሪፋ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ኢንሻአላህ መንገድ ላይ ነን አለችና ዘጋችው።

"ጠቡ ይቆየን" አለች ለባሏ። "መጀመሪያ ኬኬ።"

ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ነው። ጋሼ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪስ ነቅለው ማራገቢያውን አወጡት፤ እንደ ወፍ ጎጆ በገለባ ተደፍኗል። አሪፋ ለሠርጉ የለበሰችውን ቀሚስ እጅጌ ሰብስባ በእፍኝ እየዛቀች ጣለችው። ሰዲቅ አጠገባቸው ያለው ጎሚስታ ጋ በረረና ጎማ የሚነፋበትን የአየር ቱቦ ረጅሙን ስቦ አመጣ። ጋሼ በማቀዝቀዣው ሽንቁሮች በኩል አየሩን ሲለቁት ገለባው ቡን ብሎ ተነሣ፤ ሦስቱም አስነጠሱ። በመጨረሻም ጋሼ መሬት ላይ ተጋድመው የውሃ ማውጫው ቱቦ ውስጥ ሽቦ ሰደዱ። ወጉት፣ አዞሩት፣ ሲመዙት የተጠራቀመው ውሃ ደረታቸው ላይ ተደፋ።

"ኡፋ" አሉ ሳይነሡ። "ዛሬ ገና በረደኝ።"

ማራገቢያው ተመልሶ ተገጠመ። ሰዲቅ ሞተሩን አስነሣ። አሪፋ መዳፏን ዘረጋች፤ ነፋሱ መዳፏን አልፎ ፊቷን መታት፣ ሻሿን ከራሷ ላይ ወደ ኋላ ገፈተረው። ሳታስበው ጮኸች። ሰዲቅም ሳቀ፤ ሳቀና መሳቅ እንደማይገባው ትዝ ሲለው ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ። ጋሼ አንዲት መዘውር ወደ ጎን ገፉና የውጭው አየር ተዘግቷል፣ አሁን የውስጡን አየር ብቻ ነው የምታዞረው፣ ለአቧራው መንገድ ይህን እንዳትነኩ ብለው አስጠነቀቁ።

ቤት ደርሰው ኬኩን ከፍሪጁ ሲያወጡት የታችኛው ፎቅ ጠርዝ ማላብ ጀምሮ ነበር። አሪፋ ከኋላ ገብታ በሁለት እጇ አቀፈችው። ሰዲቅ እንደዚያ ሲነዳ አይታው አታውቅም፤ ጉድጓዱን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ የሚያልፍ ይመስል ነበር። ውጭ አቧራው መስታወቱን ይመታል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እሷ ግን በዚያ በረሃ መሀል ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ክሬሙን በየደቂቃው ታየዋለች። ንቅንቅ አላለም።

ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ እልልታው ቀለጠ። እትዬ ሂዳያ ሰው ሁሉ ሲያይ የጣታቸውን ጫፍ ከኬኩ የታች ጠርዝ አስነኩና በግርምት ወደ አሪፋ ዞሩ።

"ይቀዘቅዛል እኮ! አንቺ ልጅ፣ ከየት ነው ያመጣሽው?"

"ከሮቢት" አለች አሪፋ። በሕይወቷ እንደዚያ ኮርታ አታውቅም። ተመርቃ፣ በልታ ሳትጨርስ፣ ሌላ ሙሽራ የምትድር ሴት መጥታ ለመጪው አርብ ቀጠረቻት። ኬኩን እስከዚህ ድረስ ታመጪልኛለሽ ወይ ብላም ጠየቀቻት። መኪና አለኝ አለቻት።

ሲመለሱ ከፊት ተቀመጠች። ምንጣፉ ተነሥቷል፤ እግሯ ባዶ ብረት ላይ ነው። ኤሲው ብቻ ያወራል። በደጋው በኩል፣ ከተራራው ጫፍ፣ ጥቁር ደመና ወደ ቆላው እየወረደ ነበር። የሰዲቅ ስልክ ጠራ። አየውና አላነሣም። ደግሞ ጠራ።

"እናትህ ናቸው?"

"አዎ።"

"ለምን አታነሣም?"

"ምን እላቸዋለሁ? መኪናይቱ ያንቺ የኬክ መኪና ናት። ዛሬ ገና ድናለች።"

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደርሰው ነበር፤ ቀጥታው ወደ ሮቢት፣ ግራው ወደ እትዬ ኑርሃን አውድማ። አሪፋ ደመናውን አየችው። አርብን አሰበች። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ወሰደችና አነሣችው።

"እትዬ ኑርሃን፣ አሪፋ ነኝ" አለች። "ክምሩን አስነጥፉት፤ እየመጣን ነው። ሁለታችንም።"

ስልኩን መለሰችለት። የማራገቢያውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አጠፋችው፣ የጋሼ መዘውር የውጭውን አየር እንደዘጋች መሆኗን በጣቷ አረጋገጠች፣ በጎኗ ያለውን መስኮት ግን አውርዳ ከፈተችው። የቆላው ሙቀትና አቧራ ተግተልትሎ ገባ። ሻሿን አፍና አፍንጫዋ ላይ አጥብቃ አሰረች።

"ዙር" አለችው።