በግልባጩ ላይ ያረፈች ወፍ

የታይፒስቷ የሰገነት እጅ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ ጓድ አስናቀ ደግሞ አንዲት ደብዳቤ ለማርቀቅ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ታይፒስቷ ረቂቁ እስኪመጣላት ስድስት ወረቀት በካርቦን ደራርባ የጽሕፈት መኪናው ላይ ትጠመጥምና ወፍ ትስላለች፤ ለወፏ ራስ ዐ፣ ለሆዷ ሁለት ቅንፍ፣ ለክንፏ ሠረዝ፣ ለእግሯ ለ። በአምስት ምት አንድ ወፍ።

ያን ማክሰኞ ረቂቁ ሲመጣ የላይኛውን ወረቀት ከነወፏ አውጥታ ጣለች፤ በምትኩ ንጹሕ አስገብታ መታች፤ አስፈረመች። ከሥር ያሉት አምስት ግልባጮች ትዝም አላሏት። የሙከራ ጊዜዋ ሰኞ ያልቃል፤ ቋሚ ትሁን አትሁን የሚወስኑት ጓድ አስናቀ ናቸው። የቀድሞዋን ታይፒስት ያሰናበቷት ለአንድ የተዛነፈ ማኅተም ነው።

ደብዳቤው ቅዳሜ ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ለዘመቻ ጣና ሐይቅ ዳር እንዲገኝ ያዝዛል። የምን ዘመቻ እንደሆነ አይልም፤ ዘመቻ ጠፍቶ ስለማያውቅ የሚጠይቅም የለም። ሁልጊዜ የሚመጣው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ የቀረው ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዱን ያመዋል።

ግልባጮቹ በየክፍሉ ተለጠፉ። ይፋግ ላይ ከማሽላ ወፍ ሲያባርር ያደገው ሸማኔ ገብረ መስቀል ወረቀቱን አየና የግሪሳ ወፍ ማባረሪያ ዘመቻ መሆኑን ለጓዶቹ አስረዳ፤ ወሬው በየክፍሉ ተዳረሰ። መንግሥት ያለ ነገር ወፍ አይስልም።

ዓርብ የመዝገብ ቤቷ የሺመቤት አንዱን ግልባጭ ይዛ መጣች።

«አንች፣ ይችን ወፍ ማን ፈለፈላት?»

ሰገነት የቀሩትን ልትነቅል ሮጠች፤ ገብረ መስቀል ግን የመንግሥት ማስታወቂያ አይነቀልም ብሎ በሩ ላይ ቆመባት።

ቅዳሜ ጓድ አስናቀ አሥራ አንድ አካፋና አንድ ክምር ችግኝ ይዘው ሲጠብቁ፣ ሁለት መቶ ሰው ወንጭፍ፣ ጅራፍና ቆርቆሮ ይዞ ከተፍ አለ። ጅራፉ ሲጮህ የጣና ወፍ በሙሉ ብድግ አለ፤ ሰማዩ ክንፍ ብቻ ሆነ። አንዱ ሳቀ፣ ሁለት መቶው ተንከተከተ። ሰገነትም ሳቋ አመለጣት። ጓድ አስናቀ አንዴ ወንጭፉን፣ አንዴ ችግኙን አዩ። ከመጡ አይቀር ተባለና ችግኙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተተክሎ አለቀ።

ሰኞ ጓድ አስናቀ አስጠሯት። ግልባጩ ጠረጴዛቸው ላይ ነው።

«ይህን ማን ሳለው?»

ሰበብ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። «እኔ ሳልሁት።»

የሺመቤት አስቀድማ ነግራታለች፤ ጓድ አስናቀ ሁለት መቶ ሰው አዘመትሁ ብለው ለበላይ በስልክ አስታውቀዋል፤ ምስጋናውንም ተቀብለዋል። አሁን ሠራተኞቹ በወፍ ሥዕል ተሳስተው ነው የመጡት ይበሉ?

«የሚመጣው ወር የእርሻ ዘመቻ አለ» አሉ በመጨረሻ። «በሬ መሳልስ ትችያለሽ?»

«ቋሚ ከሆንሁ እችላለሁ።»

የቋሚነት ደብዳቤዋን ያኑ ዕለት ራሷ መታችው። ጓድ አስናቀ ከመፈረማቸው በፊት ግልባጮቹን አንድ በአንድ ገለጡ። አምስቱም ቀንድ አብቅለዋል።

ፈረሙ።