ሥዕሉ እንዳለ ይሁን፣ ዓረፍተ ነገሩ ይለስልስ

ወይዘሮ ውቢት የልጅ ልጃቸው የፀዳል ሥራ ምን እንደሆነ አይገባቸውም ነበር፤ እስኪገባቸውም ድረስ ሰላም ነበሩ። ልጅቱ ተሰደው በሚኖሩባት የወደብ ከተማ፣ ራስ ዲካ ሰፈር ካለ አንድ የኮምፒውተር ቢሮ ተቀጥራለች። መሐንዲሶች የሚሥሉትን የፕሮግራም ንድፍ፣ ያንን የሣጥንና የቀስት ዝብርቅርቅ፣ ሰው ወደሚያነበው ዓረፍተ ነገር የሚለውጥ ፕሮግራም አላት። ደንበኛ ሥዕል አይገባውም፤ ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ ይፈርማል።

አንድ ከሰዓት ፀዳል ከጣሪያው ቬንቲላተር ንፋስ ሥር ኮምፒውተሯን ታቅፋ፣ «እማማ፣ አማርኛው ያስኬድ እንደሆነ እስቲ ስሚልኝ» አለች። ሥራው የቤት ሠራተኞችን ለሚያስቀጥር ኤጀንሲ የሚሆን መዝገብ ነው።

«እያንዳንዷ ሠራተኛ የአንድ አሠሪ ናት። አሠሪው ሲሰረዝ ሠራተኛዋም አብራ ትሰረዛለች።»

ወይዘሮ ውቢት ሽንኩርት መላጣቸውን ተዉት። «ከየት ነው የምትሰረዘው?»

«ከመዝገቡ ነዋ! ይቺን ጥቁር ምልክት አየሻት? ሠራተኛዋን እንደ ቤቱ ክፍል ነው የቆጠሯት፤ ቤቱ ሲፈርስ ክፍሉም ይፈርሳል። ለአለቃዬ መንገር አለብኝ።»

«ምን አገባሽ አንቺ!»

«እንዴት አያገባኝ? አንቺም እኮ እዚያ ውስጥ ነሽ።»

እውነቷን ነው። ወይዘሮ ውቢት ሄሮን ሰፈር ለሚኖሩ አንዲት ፈረንሳዊት ማዳም ምግብ ያበስላሉ፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን የሚያሳድስላቸውም ይኸው ኤጀንሲ ነው።

«እኔን አሮጊቷን ተይኝ። አንቺ ግን ከአለቃ ጋር ስትጋፈጪ ነገ አምቡሊ አየር ማረፊያ ወለል ስትወለውዪ አገኝሻለሁ!»

ፀዳል አልሰማችም፤ በማግሥቱ ለአለቃዋ ነገረችው። ማታ ፊቷ ጠቁሮ ገባች።

«አለቃሽ ሙሴ ሙክታር ምን አለሽ?»

«‹ሥዕሉ እንዳለ ይሁን፤ መሐንዲሶቹን እንደገና ሥሩ አልላቸውም። አንቺ ዓረፍተ ነገሩን አለስልሺው፤ ካልሆነም የሚያለሰልስ አይጠፋም› አለኝ። እምቢ እለዋለሁ፣ እማማ።»

ወይዘሮ ውቢት እግሯ ላይ ወደቁ። «እናትሽ በየመን በኩል እንደወጣች ቀረች። አንቺ ሥራ ፈትተሽ በዚያው መንገድ እንድትሄጂብኝ ነው? በሞቴ፣ በሞቴ ያለሽን ጻፊለት!»

ልጅቱ አያቷን አነሳችና እያለቀሰች ጻፈች፤ «ሠራተኞች ከአሠሪያቸው ጋር ተያይዘው ይተዳደራሉ።» ኤጀንሲው አነበበው፣ ወደደው፣ ፈረመ።

ክረምቱ ሳይገባ ማዳም ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ወይዘሮ ውቢት አዲስ አሠሪ ፈልገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ፈቃድ ለማሳደስ ኤጀንሲው ዘንድ ሄዱ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ሳቢት የምትባል ልጅ ስማቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፤ ደግማም ጻፈች።

«እናቴ፣ እርስዎ የሉም።»

«ይኸው ቆሜልሽ?»

«መዝገቡ ላይ ማለቴ ነው። የወረቀቱን ፋይል አይቼ እንዳልረዳዎት የድሮው ሁሉ ተጥሏል። ቆይ እስቲ፣ ይህን መዝገብ የሠሩት ሰዎች ጋ ልደውል፤ የማን ጥፋት እንደሆነ ይጣራል።»

«ተዪው!» ወይዘሮ ውቢት የልጅቱን እጅ ከስልኩ ላይ ያዙ። «ተዪው የኔ ልጅ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ የተመዘገብኩት ሌላ ቦታ ነው።»

ቤት ሲደርሱ ፀዳል፣ «አደሱልሽ?» አለቻቸው።

«አደሱልኝ እንጂ። ምን ይላሉ?»

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ያመኛል እያሉ ከቤት አይወጡም። ዳቦም ፀዳል ናት የምትገዛው፤ ፖሊስ በሰፈሩ ሲያልፍ መጋረጃውን የሚዘጉትም በፀሐዩ ምክንያት ይመስላታል።