ማይሙና የደበቀችው ቃር

ፋጤ ሳታማክራት መቅረቷ ማይሙናን ከስድብ በላይ ወጋት። ካርቲየ ሰባት ሰፈር ውስጥ ሆዷ የተነፋባት፣ ቃር ያንገበገባት ሴት ሁሉ ሰላሳ ዓመት ሙሉ የእሷን ደጅ ስትጠና ኖራለች። በእጇ፣ በሰሊጥ ዘይት ታሽታ ያልዳነች ካለች ቀርባ ትናገር። የፋጤን ሆድማ ከገዛ ሆዷ ይልቅ ታውቀው ነበር። ይቺው ፋጤ፣ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ፣ ትንፍሽ ሳትል ጋቦዴ ሰፈር ድረስ ሄዳ ሆዷን ለአንዲት ልጅ እግር ሰጠች። ልጅቷ ፊደል ስለቆጠረች ነዋ!

ነገሩ የተገለጠው መስጊድ ውስጥ ተራዊሕ፣ የረመዳን የሌሊት ሶላት፣ ሲሰገድ ነው። ያን ዓመት ረመዳን ከወደብ ከተማዋ የሐምሌ ሙቀት ጋር ገጥሟል። ሴቶቹ ሳምቡሳውን እስከ ጉሮሯቸው በልተው ይመጡና፣ ግንባራቸውን መሬት ባስነኩ ቁጥር የበሉት እየተመለሰ ደረታቸውን ይልጠዋል። ማይሙና ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የምትሰግደው። ለጠየቃት ሁሉ “ጉልበቴ ነው” ትላለች። ጉልበቷ ግን ደህና ነው፤ የጣላት ቃሩ ነው። የሰው ሆድ የምታሽ ሴት የገዛ ሆዷ አሸነፋት ከተባለ ማን ደጇን ይረግጣል? እዚያው እንደተቀመጠች፣ ፋጤ እንደ ልጃገረድ ስትወርድ ስትነሳ አየቻት። አንዴም ደረቷን አልያዘችም።

“ምን ዋጥሽ?” አለቻት ሲወጡ።

“ምንም። ጋቦዴ፣ ውዳድ ዘንድ እየሄድኩ እንጠራራለሁ።”

“ትንጠራሪያለሽ? ድመት ነሽ?”

“ድመት ቃር ይዟት አይተሽ ታውቂያለሽ?”

በማግስቱ ከአስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በፊት ማይሙና ሻሿን አጥብቃ፣ ልጅቷን ላጋልጥ ብላ ፋጤን ተከተለች። ውዳድ ሰውነት ማፍታታት ተምራ የተመለሰች ቀጭን ልጅ ናት። ስድስት ሴቶች ሳሎኗ ምንጣፍ ላይ ቆመው እጃቸውን ወደ ጣሪያ ይሰዳሉ፤ ወደ ጎን ዘንበል ይላሉ፤ አየር በአፍንጫ ስበው ሆዳቸውን ይነፉና ቀስ ብለው ይለቃሉ።

“ሆድ ሲሞላ አይሠራም” አለች ውዳድ። “ካፈጠራችሁ በኋላ ጋደም አትበሉ። ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።”

ይሄ ማይሙናን አሳመማት። እሷ ሴቶቹን የምታሻቸው ካፈጠሩ በኋላ፣ በጀርባቸው አንጋልላ ነበር።

“ትምህርት የተባለው ይሄ ነው?” አለች። “እንዲህ ከሆነማ ልብስ የምታሰጣ ሴት ሁሉ ሐኪም ናታ።”

ሴቶቹ ሳቁ፤ ውዳድም ሳቀች። “እስቲ እርስዎም ያስጡ፣ አዴ ማይሙና።”

እምቢ ብትል ፈራች ሊባል ነው። እጇን ሰቀለች፣ ዘንበል አለች፣ ሳበች፣ ለቀቀች። በሦስተኛው ላይ ከጎድኗ ሥር ለወራት እንደ ቡጢ ተጨብጦ የኖረው ነገር ላላ፤ ረጅም ግሳትም አመለጣት።

“ጉልበትሽ ነው እንዲህ የሚያገሳው?” አለች ፋጤ።

ውዳድ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ቃሩ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?”

መታመሟ መታወቁ ማይሙናን አላንገበገባትም፤ ፋጤ ቀድማ መዳኗ እንጂ። ሴቶቹ ሲወጡ ፋጤን ጫማዬን ፈልጊልኝ ብላ ላከችና የውዳድን ክንድ ጨበጠች።

“ነገ በዚች ሰዓት እኔ ቤት ትመጫለሽ፤ ብቻሽን። ለፋጤ ያሳየሻትን ሁሉ ታሳዪኛለሽ። ለእሷ ያላሳየሻትን ደግሞ አንድ ትጨምሪልኛለሽ።”